ባለቤት አለች

ሻጯ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጫማዋን አውልቃ ከባንኮኒው ስር በባዶ እግሯ መቆም ልማዷ ነው። ከወገቧ በላይ ለሚያያት ደንበኛ ፀጉሯን የተሠራች፣ የተኳለች፣ ፈገግታ የማይጠፋት ልጅ ናት። ከወገቧ በታች ግን እግሯ ያበጠ፣ ጣቶቿ ቀዝቃዛውን ወለል የሚፈልጉ ምስኪን ናት። ሠላሳዎቹን ከጀመረች ቆየች፤ የወጣትነቷን ግማሽ የጨረሰችው በዚሁ በአጎቷ ሱቅ፣ ስልክና ታብሌት ከተደረደረበት መስታወት ጀርባ ነው።

የሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ነው?» «የመጨረሻው?» «ካሜራው ያምራል?» የእሷም መልስ አንድ ነው። አንዳንድ ቀን አፏ ብቻውን እየሠራ እሷ ሌላ ቦታ ትሆናለች። ሌላ ቦታ ስንል ደግሞ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ አልጋዋ ላይ ነው።

ሰውየው የገባው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። መጀመሪያ አቧራው ገባ፤ ከዚያ ሰውየው ተከተለ። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል። ጥግ ላይ ወንበራቸው ላይ የሚያንጎላጁት አጎቷ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩትና «እንግዲህ መስታወቱን የወለወልነው ለከንቱ ነው» ብለው መልሰው ጨፈኑት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሱቅ ውስጥ ስሙ «አቧራው» ሆኖ ቀረ።

«እህቴ፣ መንገድ የሚያሳይ ታብሌት ፈልጌ ነበር» አለ።

«መንገድ ሁሉም ያሳያል።»

«እኔ የምፈልገው መንገድ በሌለበት የሚያሳይ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ድካም እንጂ ቀልድ የለም።

ነገሩን አስረዳት። ሥራው የውሃ ፓምፕ ጠጋኞችን በፒክአፕ ጭኖ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ፣ ጠጠሩም ካለቀበት ወዲያ መሄድ ነው። እስካሁን አንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ ነበሩ፤ ጎኑ ተቀምጠው «በዚያች ዛፍ ግራ፣ በዚያ ድንጋይ ቀኝ» እያሉ በጣታቸው ያደርሱት ነበር። አሁን ዓይናቸው ደከመና ቤት ዋሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጎማው ዱካ ይታጠባል፤ ደረቁ ወንዝም ቦታ ይቀይራል። ስልኩን ሞክሮት ነበር፤ ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ፀሐይ ሲመታውም ግሎ ጥፍት ይላል።

«ሰፊ ስክሪን፣ ፀሐይ ላይ የሚታይ፣ ባትሪው ውሎ የሚያድር፣ ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ» አለ በጣቱ እየቆጠረ። ከዚያ ትንሽ አፈረና «ርካሽ» ሲል ጨመረ።

«የመጨረሻዋን መጀመሪያ ብትላት ኖሮ ድካም ይቀንስልን ነበር።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ዙሪያ ያለው አቧራ ተሰነጣጠቀ። ሻጯ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እግሮቿን ጫማዋ ውስጥ መለሰች።

ከሁሉ ርካሹን ሰፊ ታብሌት አወጣችለት። የአካባቢውን ካርታ ጫነችበት፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ትንሽ ዋለለችና መጥታ እነሱ ያሉበት ጎዳና ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱም መስታወቱ ላይ አጎንብሰው ነበር፤ ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው።

«ይኸው፣ እዚህ ነን» አለችው።

«እውነትም እዚህ ነን» አለ ቀስ ብሎ።

ምንም የሚደንቅ ነገር አልተናገረም። ቢሆንም እሷ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በሆዷ ደገመችው።

«ወሰንክ ታዲያ?»

«እኔማ ወስኜ ነበር። ግን ባለቤት አለች። እሷን ሳላማክር አልወስድም።»

የቋንቋችን ነገር ይገርማል። ለመኪናውም፣ ለሱቁም፣ ለውሻውም፣ ለትዳሩም አንድ ቃል ያዘጋጅና «ባለቤት» ብሎ ይሄዳል፤ የቱ እንደሆነ መለየት የሰሚው ፈንታ ነው። ሰውየው የሚለው የመኪናዋን ባለቤት ነበር፤ እሱ ተቀጥሮ የሚነዳ ሹፌር ነው። ሻጯ ግን መኪናዋ የገዛ ራሱ መስላታለችና የሰማችው ሌላ ነው። የሰማችውንም ሰምታ «ደግ አደረግክ፣ መማከር ጥሩ ነው» አለችው፤ ድምፅዋ ለሁሉም ደንበኛ ወደምታወጣው ድምፅ ተመለሰ።

ውጭ ወጥቶ ደወለ፤ ተመልሶም «እሺ ብላለች» አለ። ታብሌቱን ስታዘጋጅለት ስክሪኑ ላይ የባለቤት ስም የሚል መጣ።

«የባለቤት ስም ይጠይቃል፤ ማን ልበለው?»

«የእሷን አድርጊው። እኔ ምን አለኝ? ሁሉም የእሷ ነው።»

በገዛ ጣቷ የሴት ስም ጻፈች። ጥሩ ባል ነው፣ አለች በሆዷ። እንዲህ ያለ ወንድ ሁልጊዜ የሚገኘው ከተያዘ በኋላ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወንበር እንኳ ሳይፈልግ መስታወቱን ተደገፈ።

«ሰሞኑን የት የነበርኩ ይመስልሻል?» አላት።

«የት ነበርክ?»

«እዚህ። ምድረ በዳው መሃል ቆሜ ከፈትኩት፤ ሱቅሽ ውስጥ ነህ አለኝ። ግማሽ ቀን ነዳሁና ደግሜ ከፈትኩት፤ አሁንም ሱቅሽ ውስጥ ነህ ይለኛል። ጠጋኞቹ ‹እንግዲያማ ልጅቷን ውሃ አምጪልን በላታ› እያሉ ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን የሚስቅ አልነበረም። የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰዎች ውሃ ጠማቸው፤ አስቢው እስቲ። የአህያ ዱካ ተከትለን ነው የወጣነው።»

ሻጯ ታብሌቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ስህተቱ ወዲያው ነው የገባት፤ ያን ቀንም ቢሆን የምታውቀው ነገር ነበር፣ ድካም ነው ያስረሳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የደከመችው ግን ማፍሰሷንም የምታውቀው ሌላውን ሲያንሸራትት ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ይሄ ታብሌት ሰማይ የሚያይበት ነገር የለውም። ከተማ ውስጥ ሲሆን በዙሪያው ያለውን ዋይፋይ እየጠየቀ ነው ያለበትን የሚያውቀው። ጎረቤት እየጠየቀ የሚኖር ነው። ጎረቤት የሌለበት ስትወስደው መጨረሻ የሚያውቃትን ቦታ ይዞ ቁጭ ይላል።»

«ምስኪን» አለ ለታብሌቱ።

«ለምን አትጮህብኝም?»

«መጮህ አቅም ይፈልጋል፣ እህቴ።»

ይሄ ነው አንጀቷን የበላው። ቢጮህባት ይቅርታ ጠይቃ ትገላገለው ነበር። ከመደርደሪያው ሁለት ሌሎች ታብሌቶች አወረደች፤ ሁለቱም ሲም ካርድ የሚወስዱ፣ ጂፒኤሱ ከውስጣቸው ያለ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ውጭ ወስጄ ሳልሞክር አልሸጥም» አለቻቸው አጎቷን። «ከሳተላይት ጋር መገናኘታቸውን በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አጎቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሂጂ፣ ግን መስታወቱን ቆልፊ።»

ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ አለ። ፒክአፑን እዚያ አቁመው በሮቹን ከፍተው ተቀመጡ። ሻጯ ዋይፋዩን አጠፋች፣ ሲም ካርዱን አወጣች፣ ሁለቱንም ታብሌቶች ዳሽቦርዱ ላይ ጎን ለጎን አቆመች።

«አሁን ማንንም መጠየቅ አይችሉም። ራሳቸው ይፈልጉ» አለች።

«እኔ እንግዲህ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝ። ነጥቧ ስትመጣ ነው የማምነው።»

ይጠብቁ ጀመር። ነፋሱ የጡብ ዱቄት እያነሳ ያልፋል። የአንደኛው ስክሪን ፀሐይ ሲያርፍበት ከመስታወት በቀር ምንም አይታይበትም። ወፍራሙ፣ መልከ ጥፉው፣ ካሜራው የማይረባው፣ በዋጋም ብዙ የማይበልጠው ሌላኛው ግን ካርታውን እንደ ጥላ ውስጥ ያሳያል። ይህን ልትነግረው ዘወር ስትል ሰውየው እንቅልፍ ወስዶታል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ገጥሞ፣ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ።

ሰው ሲተኛ እውነቱ ይታያል። ሻጯ የመንጋጋውን አጥንት አየች፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ውሃ ያልደረሰውን አቧራ አየች፤ ከትከሻው ላይ የወረደውን የብዙ ዓመት መንገድ አየች። የሚያርፍበት ሰው የሌለው ይመስል ነበር። ከዚያ «ባለቤት አለች» ያለው ትዝ አላትና ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች።

በወፍራሙ ታብሌት ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ ብቅ አለች፤ ባዶ ሜዳ መሃል፣ ልክ እነሱ ያሉበት ላይ። ሻጯ አልቀሰቀሰችውም። ጥቂት ይተኛ አለች። ልብ ብሎ ላስተዋላት ግን ጥቂቱ ለእሱ ብቻ አልነበረም።

ሲነቃ ደንግጦ «መጣች?» አለ።

«መጥታ እየጠበቀችህ ነው።»

ምልክት ማድረግ አስተማረችው። ውሃ ያለበትን «ውሃ»፣ ገደሉን «ገደል» እያለ እንዲያስቀምጥ። ከዚያ ለምሳሌ ያህል ሱቁ ላይ ጣቷን አድርጋ «ቤት» ብላ መዘገበችው።

«ከየትም ሆነህ ብትጠፋ ‹ቤት›ን ትነካታለህ፤ ወደዚህ ትመልስሃለች። ይሄ ለምሳሌ ነው እንግዲህ። ስትሄድ በራስህ ቤት ቀይረው። ሁለት ጊዜ ነካ ማድረግ ነው፤ እስቲ አንተ ሞክረው።»

ጣቱን ይዛ አላሳየችውም፤ ልትይዘው ግን ትንሽ ቀርቷት ነበር። እሱም በራሱ «ቤት»ን ከሱቁ አንስቶ የጡብ ማምረቻው ላይ አኖራት፤ ከዚያ መልሶ ሱቁ ላይ።

«ቀላል ነው» አለ።

«ሕፃንም ይችለዋል። በል እንሂድ፣ መሸብን፤ ባለቤት አትቆጣም?»

«ትቆጣለች እንጂ። ነዳጅ ትለካለች።»

የባሏን ነዳጅ የምትለካ ሚስት! ሻጯ ያችን ሴት ሳታያት ጠመደቻት።

በመጀመሪያው ፋንታ የሰጠችው ወፍራሙ ታብሌት አላሳፈራትም። ሰውየው በተመለሰ ቁጥር ወደ ሱቁ ጎራ ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ ኬብል፣ አንድ ጊዜ የስክሪን መከላከያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «እንዲያው ሞተሩ እስኪበርድ» ብሎ። ያየውን ይነግራታል፤ ከርመው ውሃ ያገኙትን ሰዎች፣ ከፓምፑ አፍ ላይ አልነሳም ያለውን በሬ። እሷም ቀስ በቀስ የፒክአፑን ድምፅ ከሌላው መኪና መለየት ቻለች። ድምፁን ስትሰማ እግሯ ከባንኮኒው ስር ጫማ ይፈልጋል፤ አጎቷ ይህን እያዩ እንደ ተኙ ይስቃሉ።

ስሜቷን መቼም አትክደውም። ትወደዋለች። ትወደውና ታፍራለች፤ ባለትዳር ነዋ። ራሷን ስትገስጽ «ኬብል ነው የሚገዛው» ትላለች፤ ደግሞ ራሷው «አንድ ታብሌት ስንት ኬብል ይበላል?» ብላ ትመልሳለች።

አንድ ቀን ፒክአፑ መንገዱ ማዶ ቆመ። እሱ ዞሮ በሩን ከፈተና አንዲት ዘናጭ ሴት ወረደች፤ ፀጉሯ እንደ ፋሽን መጽሔት፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች፣ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ የሆነ ነገር ተቆጣች፤ እሱ ራሱን ደፍቶ ሰማት። ሻጯ መጋረጃውን ሳብ አደረገችው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል አሉ፤ ልቧ እዚያው ፈረደ።

ቤቷም ሰላም አልነበረም። የምትኖረው ከእናቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ነው። የእናቷ ጉልበት ደረጃ አላስወጣ ካለ ቆይቷል፤ ያሳሰባቸው ግን የልጃቸው ብቻዋን መሆን ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ የእናቷ ወዳጅ ልጅ፣ የተረጋጋ፣ የሞላለት፣ አንድም ክፉ ወሬ የሌለበት። ላገባት ፈቃድዎ ይሁን ብሎ በእናቱ በኩል ልኳል።

«እማዬ፣ አልወደውም እኮ።»

እናቷ ጉልበታቸውን አሹ። «እኔ ስለ ፍቅር መች አወራሁሽ፣ የእኔ ልጅ። የማወራሽ ስለ ዕረፍት ነው። ማታ ስትገቢ እግርሽን አያለሁ።»

እግሯን ከቀሚሷ ስር ሰበሰበች። ፍቅርን ብትጠየቅ እንቢ የምትለው ብዙ ነበራት፤ ዕረፍትን ብትጠየቅ ግን ማን እንቢ ይላል?

«እሺ፣ እሁድ እነግርሻለሁ» አለች። መልሷ ምን እንደሚሆን እሷም እናቷም አውቀውታል። ድካም ነው ያጫት ብንል ውሸት አይሆንም።

ረቡዕ ዕለት አቧራው መጣ። ፊቱን ታጥቧል፤ ሸሚዙም አዲስ ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሞ ኬብሎቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አለ።

«ኬብል ከሆነ አልቋል።»

«ኬብል አይደለም።»

የሚለውን ፈራችው። ባለትዳር ሆኖ የሚናገረው ነገር ምንም ቢሆን የሚያምር አይሆንም፤ እሷ ደግሞ እንዲያምርባት ነበር የምትፈልገው። ቀደመችው።

«እኔም የምነግርህ ነበረኝ። የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እሁድ መልስ እሰጣለሁ።»

ሰውየው አለቀ የተባለውን ኬብል አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። አጎቷ እንኳ ማንኮራፋት የተውት መሰለ።

«ደግ ሰው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ያረፈ ሰው ነው።»

«እሱ ይሻላል» አለ። «ያረፈ ይሻላል።» አዲሱን ሸሚዙን አንዴ በእጁ ዳበስ አደረገና ወጣ። እሷም የቀኑን ቀሪ ሰዓት ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ስትመልስ ዋለች፤ አንዱን ደንበኛ ሁለት ጊዜ «እዚህ ነን» አለችው።

ቅዳሜ ነው። ነገ እሁድ ነው። ሻጯ ጫማዋን አውልቃ፣ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማለች። የፒክአፑ ድምፅ መጣ፤ እግሯ ጫማውን ፈለገ፤ ጫማው ግን የት እንደገባ እንጃ። በሩ ሲከፈት የገባው እሱ አይደለም። ያቺ ዘናጭ ሴት ናት፤ ወፍራሙን ታብሌት በብብቷ ይዛ።

«ይሄን የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን» አለች ሻጯ። ሚስቱ ነገሩን ደርሳበታለች፣ ልታዋርደኝ ነው የመጣችው፣ አለች በሆዷ።

«ተበላሽቷል። ትናንት ሥራውን ልይ ብዬ አብሬ ወጥቼ ነበር። ስንመለስ እሱ ደክሞት አንጎላጀ፤ እኔ ነዳሁ። ወደ ቤት ውሰደኝ ብዬ ‹ቤት›ን ነካኋት። ታዲያ የት ብታደርሰኝ ጥሩ ነው? እዚህ! ከተዘጋ ሱቅ በር ላይ!»

«ማን... ማን ደክሞት?»

«ሹፌሬ ነዋ።»

ሻጯ ቃሉን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። «ሹፌር ነው? ያንቺ?»

«የማን ሊሆን? መኪናው የእኔ፣ ጎማው የእኔ፣ ነዳጁ የእኔ። ባለቤቷ እኔ ነኝ! የውበት ሳሎን ከፍቼ፣ እንቅልፌን አጥቼ የገዛኋት መኪና ናት። እሱንማ ምን ላድርገው፤ ጥሩ ነጂ ነው፣ አይሰርቅ፣ አይጠጣ፣ የሚጠብቀው ሰው የለው። ግን ይሄን ነገር አስተካክለው ስለው፣ ‹አይቀየርም፣ ፋብሪካው ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው› ይለኛል። ከየትም ይምጣ፣ በዚህ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። ጎማ አያልቅም? ነዳጅ አያልቅም? አንቺ ታውቂዋለሽና ንገሪኝ እስቲ፤ እውነት አይቀየርም?»

ሻጯ ታብሌቱን ተቀበለች። ካርታውን ከፈተችው። የሄደባቸው ዱካዎች ሁሉ ቀጭን መስመር ሆነው ተስለዋል፤ አንዱ ከደረቁ ወንዝ፣ አንዱ ከገደሉ ዳር፣ አንዱ ስም ከሌለው ቦታ ተነስቶ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፤ እሷ የቆመችበት ወለል።

ሕፃንም ይችለዋል ብላው ነበር። በገዛ ጣቱ ቀይሮ፣ በገዛ ጣቱ መልሶ አሳይቷታል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ደስታዋ ከንዴቷ ተደባለቀባት፤ ያን ሁሉ ወር በአንዲት ቃል!

ሁለት ጊዜ ነካ ማድረግ ነው። ጣቷ «ቤት» ላይ ደረሰ፤ ቆመ።

«እውነቱን ነው» አለች። «አይቀየርም።»

«እንዴት አይቀየርም?»

ከጥጉ የአጎቷ ድምፅ መጣ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ዛሬ ተገልጧል። «ፋብሪካው ነዋ፣ የእኔ ልጅ። እንዲህ አድርጎ ነው የሚሠራው። ነይ ተቀመጪ፣ እኔ ላስረዳሽ።»

ሻጯ ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ጫማዋን አልፈለገችውም። አስፋልቱ ፀሐይ ጠጥቶ ይፋጃል፤ እየዘለለች መንገዱን ተሻገረች። ሰውየው መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ነበር፤ የጎኑን በር ከፍታ ስትቀመጥ ቀና አለ። ዓይኑ ለቀናት እንቅልፍ ያላየ ዓይን ነው።

«ባለቤት አለህ?» አለችው፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

«ገብታለች እኮ። አላየሻትም?»

«የመኪናዋን አልጠየቅኩህም።»

አያት። ነገሩ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰማያዊዋ ነጥብ ትንሽ እየዋለለ መጣ። «እና አንቺ... ከዚያን ቀን ጀምሮ...?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

«እኔ ደግሞ ደረቅ ሰው ነው ብለሽ የናቅሽኝ መስሎኝ።» በሁለት እጁ ፊቱን አሸት አደረገ፤ ሳቁና ትንፋሹ አንድ ላይ ወጡ። «ረቡዕ ሸሚዝ ገዝቼ ነው የመጣሁት እኮ!»

«አይቼዋለሁ። ልጠይቅሽ ያልከኝ ምን ነበር?»

 ከዳሽቦርዱ ላይ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ።

«ብዙ ቦታ ሄጃለሁ። ወደየትም ስሄድ ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ስመለስ ነበር የሚከብደኝ። የት ልመለስ? አንቺ ያን ነገር ለምሳሌ ብለሽ ካስቀመጥሽው በኋላ ግን... መቀየር አቃተኝ። ለምሳሌ ሳይሆን የእውነት ይሁን ወይ ልልሽ ነበር። እኔ ያረፈ ሰው አይደለሁም፤ ይሄን እወቂው።»

«አውቃለሁ። ስትተኛ አይቼሃለሁ።»

 ማዶ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ባለመኪናዋ እጇን እያወናጨፈች ስትከራከር ይታያል፤ አጎቷ በትዕግሥት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰውየው ዓይኑ ወደ ባዶ እግሮቿ ወረደ፤ ያበጡትን፣ አስፋልቱ ያቀላቸውን።  ከመቀመጫው ኋላ የውሃ ጀሪካኑን አወጣ፣ ንጹሕ ጨርቅ አርሶ ሰጣት። ቀዝቃዛውን ጨርቅ እግሯ ላይ ስታደርገው ዓይኗ በራሱ ተጨፈነ።

«ነገ ለእናትሽ ምን ልትያቸው ነው?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

«ስለ ዕረፍት ነበር የጠየቀችኝ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «የማርፍበትን አገኘሁ እላታለሁ።»

 ትንሽ ቆይታ አንድ ዓይኗን፣ ልክ እንደ አጎቷ፣ ገለጥ አድርጋ አየችው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እጁን እጇ አጠገብ አድርጎ፣ እንቅልፍ ወስዶታል። እጁን ያዘችና እሷም ጨፈነች፤ ባለመኪናዋ እስክትወጣ ገና ብዙ ጊዜ አላቸው።